ቀይ የተቀባው ችካል

በደርግ ጊዜ ነው፤ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ረስቻለሁ፤ የአባባ ወልዴን ጣሪያ ግን አልረሳሁትም። አሁንም ሳስበው ግራ ይገባኛል።

መምህራችን ለኑሮ የምትመች፣ ደኗንና ውሃዋን የማትጨርስ ከተማ ንደፉ ብሎ ሥራ ሰጠን። እኔ፣ ሐያትና ዳዊት አንድ ቡድን ሆነን ከየካ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት መረጥን። ለልኬቱ ዳዊት ከባሕር ዛፍ ችካል ጠርቦ አመጣ። ከሩቅ እንዲታይ ጫፉን ቀይ ቀባው። ቀለሙ ከቀበሌው ያገኘው ነው፤ መፈክር ተጽፎበት የተረፈ። እኛ ምን ቸገረን፣ ቀለም ቀለም ነው።

አንዱ ችካል ባሕር ዛፉ መሀል ብቻዋን በቆመች የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ አረፈ። ባለቤቱ አባባ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ቆመው አዩን። እኛም ሰላም ብለን፣ ችካላችንን መትተን ሄድን። ለምን እንደምንለካ መናገር ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

በሳምንቱ ስንመለስ ቤቲቱ ጣሪያ የላትም። ቆርቆሮው ተነቅሎ ተደርድሯል፤ ሚስማሩ በጣሳ ተለቅሟል። አባባ ወልዴ የበሩን መቃን እየነቀሉ ነው። እኔ ሞኟ ወደተሻለ ቤት ሊዛወሩ መስሎኝ እንኳን ደስ ያለዎት ልል ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ቀና ብለው ቆሎ አቀረቡልን። ሚስታቸውን ከታች ሲግናል ሰፈር ልጃቸው ዘንድ እንደላኩም ነገሩን።

«እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ፤ ቀድማችሁ ባታሳውቁኝ ቆርቆሮዬ ከነግድግዳው ፈርሶ ይቀር ነበር» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። ቀድሞ የገባት ሐያት ናት፤ ዓይኗ ችካሉ ላይ ተተክሎ ቀረ። ለካ ሰውየው ቀይ ችካል ደጃቸው ሲያዩ መንግሥት ቦታውን ፈለገው ብለው፣ አፍራሽ ሳይመጣባቸው ቤታቸውን በገዛ እጃቸው እያፈረሱ ኖሯል።

ምላሳችን እስኪዝል አስረዳን። የትምህርት ሥራ ነው፣ ከተማይቱ ያለችው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ማንም አያስነሳዎትም አልን። ፈገግ ብለው ሰሙንና ጭራሽ እኛን አጽናኑን፤ ታዝዛችሁ ነው፣ ምን ታደርጉ አሉ። ዳዊት ችካሉን ሊነቅል ሲይዘው ግን ደነገጡ።

«ተው ልጄ፣ የመንግሥት ነው። ጣጣው ለእኔም ይተርፋል።»

በእንጦጦ በኩል ደመናው ከብዷል። ክርክሩን ትተን ጣሪያውን መልሰን መምታት ጀመርን። ቤት እንነድፋለን እንጂ ሚስማር መትተን አናውቅም፤ አውራ ጣቴ አብጦ ሰነበተ። እሳቸው የጎበጠውን ሚስማር በድንጋይ እያቃኑ ያቀብሉናል። አፍራሾቹ እስኪመጡ ልጠለልበት ማለታቸው ነው፤ አሁንም አላመኑንም።

ስንጨርስ ወረቀቱን አሳዩኝ አሉ። ዘረጋሁላቸው።

«እኔን የት አደረጋችሁኝ?»

የሳቸው ቦታ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ መናፈሻ ነው። ቤቲቱን ሳናይ ቀርተን አይደለም፤ አይተን ነው የቀባነው። ጣቴን ምንጩ አጠገብ ከነደፍናቸው ቤቶች አንዱ ላይ አሳርፌ «እዚህ ነው አባባ» አልኩ።

ጎንበስ ብለው አዩት። «ውሃው ቅርብ ነው፤ ለአሮጊቷ ይቀላታል» አሉና ራሴን ዳስሰው መረቁኝ።

ሥራችን ተመሰገነ፤ በተለይ መናፈሻው። እኔ ግን አፍሬ ወደዚያ ዳገት ተመልሼ አልወጣሁም። ዛሬም ግራ የሚገባኝ ይኸው ነው። ሦስት ሆነን ምለን ተገዝተን የነገርናቸውን እውነት አላመኑም። አንዷን ውሸቴን ግን አምነው፣ ያንኑ ዕለት ለሚስታቸው ሊያበስሩ ወደ ሲግናል ቁልቁል ሲወርዱ በዓይኔ አይቻለሁ።