ሳይታይ የተቀበረው እንግዴ ልጅ

በሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ከተማው ገና በእንጦጦ ራስ ላይ ሳለ፣ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስለ ወለደችበት ቀን እጽፋለሁ። ምንጮቼ አራት ናቸው፤ በግድግዳ በኩል የሰማሁት፣ የባለቤቴ እናት የሆኑት አማቴ የነገሩኝ፣ አዋላጇ ከጊዜ በኋላ ያጫወቱኝ፣ እንግዴ ልጁን የቀበሩት ሁለት ሴቶችም የመለሱልኝ። በዓይኔ ያየሁት እጅግ ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ዲያቆን ነበርሁ፤ የአራስ ቤት የገባ አገልጋይ ደግሞ ወደ መቅደስ አይገባም። ስለዚህ ባለቤቴ አምስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ስታምጥ እኔ ደጅ ቆሜ ነበር። ምንጮቼ በማይስማሙበት ቦታ አለመስማማታቸውን እገልጻለሁ እንጂ አላስታርቃቸውም።

አዋላጇ በየካ በኩል የሚኖሩ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚቀልዱ አሮጊት ነበሩ። ከምጡ አንድ ወር በፊት መጥተው የባለቤቴን ሆድ እንዲዳስሱ አማቴን ለምኜ ነበር።

«ቀኗን ለሰው ዓይን ልታወጣው ነው? ምጥ ሲመጣ ይጠራሉ» አሉኝ።

በጉባኤ ቤት ክርክር አልረታም እያልሁ የምኮራው ሰው፣ በዚህ ተረታሁ።

ምጡ በማለዳ ጀመረ። አንድ ጎረቤታችን ወደ የካ ወርዶ መልእክቱን አደረሰና በዚያው ወደ እርሻው አለፈ። ዳገቱ ለአሮጊት ጉልበት ከባድ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን «ማርያም፣ ማርያም» የሚለው የሴቶቹ ድምፅ ድንገት ወደ እልልታ ተለወጠ። ሰባት ጊዜ ቆጠርሁ፤ ወንድ ልጅ። ደስ አለኝ፤ አልክድም።

ጥቂት ቆይቶ አማቴ ብቅ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እንግዴ ልጁ አልወጣ አለ። ምነው ሴትዮዋ ቀሩ?»

እየሮጥሁ ወረድሁ። አዋላጇን ያገኘኋቸው ከገዛ ደጃቸው ተቀምጠው እግራቸውን ሲያሹ ነው።

«ምነው ዲያቆን፣ ገንፎዬን ይዘህልኝ መጣህ?» አሉ እየሳቁ።

«እናቴ፣ ምነው ቀሩብን?»

«ከዳገቱ ወገብ ስደርስ እልልታችሁን ሰማሁ። ማርያም ከማረቻት ወዲያ ይህን አቀበት ምን አስገፋኝ ብዬ ተመለስሁ።»

«የወጣው ልጁ ነው እንጂ እንግዴ ልጁ አልወጣም።»

ሳቃቸው ጠፋ። «እልልታው ለልጁ ብቻ ነው እንዴ? እናቲቱን ማን ይጠብቃት?» መቀነታቸውን አጥብቀው ተነሡ።

ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ሴቶቹ እትብቱን ስበው እንግዴ ልጁን አውጥተውታል፤ ውሻ እንዳያገኘውም ወዲያው ጓሮ ቀብረውታል። አዋላጇ ከውስጥ ሲቆጡ ሰማሁ፤ ከዚያ ወጥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ሳላየው በምን ልወቅ? የቤቱ ጌታ አንተ ነህ፤ አስቆፍረው። ቁራጭ ከቀረባት አሁኑኑ ላውጣላት።»

አማቴ ቀደሙኝ። «የተቀበረ ማውጣት ሟርት ነው! በልጁ ላይ ሞት ልትጠሩበት ነው?»

ስለ ልጁ ፈራሁ፤ አማቴንም አፈርሁ። አላስቆፈርሁትም።

አዋላጇ በማግስቱ ሊመለሱ ፈልገው «የአራስ ቤት ሰው አይበዛበትም» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴን ትኩሳት ያዛት። እኔ የቻልሁት ጠበል በበሩ በኩል ማቀበል ብቻ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ባለቤቴ አረፈች። ለቀስተኛው ሁሉ ቀኗ ስለ ደረሰ ነው አለ። ይህ ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ከእኛ ከማናችንም ምንም አይጠይቅምና።

ልጁ አድጓል። በዚያ ቀን እንግዴ ልጁን ጓሮ የቀበሩት ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ስጠይቃቸው አንደኛዋ «ሙሉ ነበር» አለችኝ፤ ሁለተኛዋ ግን «ጠርዙ ተቦጭቆ ነበር፤ መናገር ፈርቼ ነው» አለች። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ ለመጠየቅ ስወስን አንደኛዋ ሞታ ቆየችኝ፤ ሁለተኛዋም ብዙ አልቆየች። የማን ቃል እውነት እንደ ሆነ አላረጋገጥሁም።