«ዳነ» የተባልን ቀን

ካርቶን ሲቀደድ የሚወጣው ደረቅ፣ እንጨት እንጨት የሚል ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ባለሁበት ቆሜ እቀራለሁ፤ አባቴ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ግሮቭፖርት ከሚሠራበት መጋዘን ሲመለስ ጃኬቱም፣ ጸጉሩም፣ እጁም የሚሸተው እሱን ነበርና። ወረርሽኙ ሲገባ የእጅ ማጽጃ አልኮል ተጨመረበትና፣ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁለቱ ሽታዎች ከእሱ ቀድመው ሳሎን ይደርሱ ነበር። እናቴ ደግሞ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ትንከባከብ ነበር። አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ የእኛ ወላጆች በየሺፍታቸው ይወጡ ነበር፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ናቲ ፎረስት ፓርክ የሚባለው ሰፈር ባለችው ቤታችን በላፕቶፕ እየተማርን፣ ዛሬስ ደህና ይገቡ ይሆን እያልን በር በሩን እናይ ነበር።

አባዬ የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረም። እሷ ጌታን ከተቀበለች ብዙ ዓመቷ ነበር፣ እሱ ግን «እኔን የተጠመቅኩበት ይበቃኛል» ብሎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ ስትገባ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር። ሬዲዮውን ሲነካካ ነው የከተማውን ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ያገኘው። ኮሎምበስ ውስጥ ቅዳሜ ቀን ከእሱ ሌላ ነገር ማግኘቱም ይከብዳል። ሕጉ ሳይገባው፣ የአስተላላፊው ጩኸት ብቻ ደስ እያለው መስማት ጀመረ፤ «በእጃቸው አቅፈው እየሮጡ እግር ኳስ ይሉታል» እያለ ይስቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ጸሎቱ ወደ ስልክ ዞረና፣ እናቴ ወጥ እያማሰለች ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መሀል ሸጉጣ «ጌታ ሆይ፣ ይልማን አድነው» ስትል እንሰማት ነበር። እኛ የምንማረው የልጆች ክፍል ሁሉ ነገሩ በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ የምትጸልየው ለአባዬ ወገብ ሕመም ይመስለን ነበር፤ ከባድ ዕቃ ሲያነሣ ውሎ ማታ ወገቡን ይዞ ነበር የሚቀመጠውና።

ናቲ ከጎረቤት ያገኘው አሮጌ የኮሌጅ ፉትቦል የቪዲዮ ጌም ነበረው። መሠራት ካቆመ ዓመታት አልፈውታል። ተጫዋቾቹ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት የተከለከሉ እውነተኛ ተማሪዎች ስለነበሩ ጌሙ ላይ ስም የላቸውም፣ ጀርባቸው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። አባዬ ይህን ሲሰማ «እንደኛ ካርቶን በቁጥር ብቻ በላቸዋ!» አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሥራ ሲመጣ ከናቲ ጎን ሳይቀመጥ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። አንድ ልጅ ሲጎዳ ቀይ ምልክት ስሙ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ትመጣለች። አባዬ በማግስቱ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ያ ልጅ ዳነ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ናቲ ወይ «ገና ነው» ይለዋል፣ ወይ ደግሞ ምልክቷ ከጠፋች «ዳነ አባዬ! ሂ ኢዝ ባክ!» ብሎ ይዘላል። በአማርኛ ቢጠየቅ በእንግሊዝኛ መመለስ የለመደ ልጅ፣ ይህችን ቃል ግን እንደ አባቱ ነበር የሚላት። እኔም የተማርኳት ከእነሱ ነው፤ ለእኛ ዳነ ማለት የተጎዳው ልጅ ተነሥቶ ወደ ሜዳ ተመለሰ ማለት ነበር።

በረዶው መስኮታችን ሥር በተከመረበት ወቅት፣ ናቲ አንድ ቀን እየጮኸ ከፎቅ ወረደ፤ ጌሙ ተመልሶ ሊሠራ መሆኑ ተሰምቶ ኖሯል። መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም፣ እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊኖረው ይችላል የተባለውን ሁሉ ከየቪዲዮው እየለቃቀመ ለአባዬ ያወራለት ነበር። በረዶ ሲጥል ኳሱ ከእጅ ይሾልካል፤ እንግዳ ቡድን ሲመጣ የሕዝቡ ጩኸት ስክሪኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ቅር ያለው ተጫዋች ትራንስፈር ጠይቆ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ አሠልጣኝ ሆነህ የወደቀ ቡድን ለብዙ ዓመት ታሳድጋለህ። ግማሹ ወሬ፣ ግማሹ የናቲ ምኞት ነበር። አባዬ ግን እንደ ቁም ነገር አዳምጦ የራሱን ይጨምርበታል።

«ይደክማቸዋል?» አለው አንድ ቀን።

«ዋት ዱ ዩ ሚን?»

«መጨረሻው ላይም እንደ መጀመሪያው ነዋ የሚሮጡት! ሰው ናቸው ወይስ የመጋዘን ፎርክሊፍት? የሚደክማቸው አድርጋችሁ ሥሩ ብለህ ጻፍላቸው። እግሩ የተሰበረውም በሳምንቱ አይዳን፣ ውሸት ነው።»

ናቲም እውነት መስሎት ጻፈላቸው፤ የሚመልስለት ባይኖርም። ወራት አልፈው አዲስ ነገር ሲጠፋና እሱ ሲበሳጭ፣ አባዬ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለውና ወገቡን ይዞ ወደ መኝታው ይሄድ ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ ተማሪዎቹ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው ተባለና ናቲ ቤቱን በጭፈራ አናጋው፤ በአዲሱ ጌም ላይ እውነተኛ ስም ይኖራል፣ አስተላላፊውም ይጠራዋል ብሎ ነው። አሮጌው ላይ ራሱን የሚመስል ልጅ ሠርቶ፣ ጀርባው ላይ ስም ጽፎ አሳየን። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበባቸው።

«ይልማ ይላል። እኔ ነኝ እንዴ?»

«ኖ፣ እኔ ነኝ። ላስት ኔም ነው የሚጻፈው።»

«ስምህ ናትናኤል አይደለም? አንተ ስትሮጥ እኔን ነው የሚጠሩኝ?»

«ያ፣ ቤዚካሊ።»

አባዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ጥሩ አገር ነው፤ ልጅ ይሮጣል፣ አባት ይጨበጨብለታል» አለ። ሥራ ቦታው ይልማ ማለት ከብዷቸው ዊል ነበር የሚሉት፣ እሱም ለምዶት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ስለ ጌሙ የሚጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ አስተላላፊው ስሙን አስተካክሎ ይጠራው ይሆን? ናቲ በስልኩ ላይ እየቀዳ «ይ-ል-ማ» በል እያለ ያስለፈልፈው ነበር፣ ለሠሪዎቹ እልክላቸዋለሁ ብሎ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አባዬን ሳል ያዘው። «የካርቶን አቧራ ነው» ብሎ ትንሽ ቀን ሠራበት። ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው። ትኩሳቱ እናቴንም ጣላትና ከእኛ ተለይታ ፎቅ ላይ ክፍሏን ዘጋች፤ ምግቧን በር ሥር እያስቀመጥንላት እንመለስ ነበር። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም፤ አባዬን የምናየው በስልክ ብቻ ነበር፣ ፊቱ ግማሹ በኦክስጅን ጭምብል ተሸፍኖ። መናገር ስለሚያደክመው ብዙ አያወራም። አንድ ጊዜ ጭምብሉን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ናቲን «ወጣ?» አለው። ስለ ጌሙ ነበር። ናቲም «ገና ነው አባዬ» አለው። ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር። እንዳይሞትብን ከመመኘት ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቻርጅ ላይ የነበረው የእናቴ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ታምራት ነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ። ናቲ አንሥቶ እኔም እንድሰማ ስፒከር ላይ አደረገው።

«ሃሎ፣ እህት አስቴር?»

«ኖ፣ ናቲ ነኝ።»

«ናቲዬ! ደስ ይበልህ የኔ ልጅ! አሁን ከአባትህ ጋር በስልክ ነበርኩ። አባትህ ዳነ! ዛሬ በሰማይ ትልቅ ደስታ ሆኗል! ለእናትህ ንገራት፣ ጸሎቷ ተሰማ በላት!» ድምፃቸው በለቅሶ ይቆራረጥ ነበር።

ናቲ ስልኩን ወርውሮ በደረጃው ሽቅብ በረረ፤ እኔም ተከተልኩት። የእናታችንን በር በሁለት እጁ እየደበደበ «እማዬ! አባዬ ዳነ! ጋሽ ታምራት ነው ያለው፣ ዳነ!» አለ። ከውስጥ አንድ ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ጉልበቷ ወለሉን ሲመታው። «ስንት ዓመት አለቀስኩ ጌታዬ፣ ስንት ዓመት!» እያለች ታነባ ጀመር። እኛም ከበሩ ወዲህ ተቃቅፈን አለቀስን።

ያለቀስነው ለየቅል እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ዶክተሮቹ የመተንፈሻ ቱቦ ሊያስገቡለት ሲሉ፣ ከዚያ በኋላ መናገር ስለማይችል፣ ጋሽ ታምራት ደውለው ጌታን ትቀበላለህ ወይ ብለውታል። እሱም እሺ ብሎ ጸሎቱን ደግሟል። በእነ ጋሽ ታምራት ቤተ ክርስቲያን ይህ ነው ዳነ ማለት፤ ነፍሱ ዳነች። ሳንባው የባሰበት በዚያው ሰዓት ነበር።

ዓርብን እንደ በዓል ዋልን። አባዬ ስልኩን አላነሣም፣ ተኝቶ ይሆናል አልን። ናቲ ምንጣፉን ጠረገ፣ በብርዱ ወጥቶ የአባዬን መኪና አጠበ፣ ስለ ጌሙ የተወራ አዲስ ነገር እንዳይቀርበት ኢንተርኔቱን ሲያስስ አመሸ። እኔ አንሶላ ቀየርኩ፣ ሶፋው ላይ ወገቡን የሚደግፍበትን ትራስ አስተካከልኩ። ናቲ በበሩ ቀዳዳ «ዌን ኢዝ ሂ ካሚንግ ሆም?» ሲላት እናቴ «እሱ ያውቃል ልጄ፣ ዋናው ነገር ተገኝቷል» አለችው። እሷ ሁሌም ነገሯን ለእግዚአብሔር ስለምትሰጥ ምንም አልጠረጠርንም። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሆስፒታል ተደወለ። እናቴ በሩን ከፍታ ያለ ጭምብል ወጣች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ «አባታችሁ አረፈ» አለችን። ናቲ አረፈ የሚለውንም በቅጡ አያውቀውም ነበር፣ ከፊቷ ግን ገባው።

«ኖ። ኖ! ዳነ ተብሏል! ሂ ሴድ ዳነ!»

እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ «አዎ ልጄ፣ ድኗል። እንኳን ዳነልኝ። ሳይድን ቢሄድ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችው።

ወንድሜ እንደ እብድ አያት። እጇን ከፊቱ አላቅቆ ወደ ኋላ ሸሸ። ለማስረዳት ሞከረች፣ «ነፍስ» አለች፣ «ጌታ» አለች፣ እሱ ግን ጆሮውን ይዞ «ስቶፕ፣ ስቶፕ» ይል ነበር። ውጭ መኪኖች የቡድኑን ባንዲራ እያውለበለቡ፣ ጥሩምባ እየነፉ ያልፉ ነበር፤ የጨዋታ ቀን ነበርና።

ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ነው የመጣው፣ እሱም ተራርቆ ቆሞ። ጋሽ ታምራት «ወንድማችን ድኖ ነው የሄደው» ሲሉ ናቲ ጉድጓዱን ትቶ ወደ መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ በነበረው በረዶ ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም ነበር። ናቲ ከእናቴ ጋር አልተጣላም፣ ይታዘዛታል፣ ገበያ ይወስዳታል፤ አማርኛ ግን ከአፉ አልወጣም። «እሺ» እንኳ አይልም፣ «ኦኬ» ነው። ጌሙ ከዓመታት በኋላ ወጣ፤ ጓደኞቹ ሁሉ ገዙት፣ እሱ አልገዛም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እኔ ደግሞ በተቃራኒው አማርኛውን ሙጭጭ አልኩበት። የእናቴን መጽሐፍ ቅዱስ እያነበብኩ፣ የጎረቤት እናቶችን በጥያቄ እያደረቅኩ፣ ዳግመኛ አንድ ቃል እንዲያታልለኝ አልፈልግም እያልኩ ተማርኩት። መድኃኒትም መድኃኔ ዓለምም ከዚያችው ቃል እንደሚወጡ ያወቅኩ ቀን መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ጋሽ ታምራት አልዋሹም፣ እናቴም አልዋሸችም።

አሁንም ዓመቱ ሲደርስ እናቴ ማዕድ ላይ ጸልያ ስትጨርስ «አባታችሁ እኮ ድኗል» ትላለች፣ ፊቷም በእውነት ይፈካል። ናቲ ሳህኑን አንሥቶ ወደ ኩሽና ይገባል። እኔ አጠገቧ እቀራለሁ፣ አሜን እላታለሁ፣ እጇን እይዛለሁ። ምን ማለቷ እንደሆነ ዛሬ ከነትርጉሙ፣ ከነጥቅሱ ይገባኛል፤ ውስጤ ግን ምንም አይንቀሳቀስም። ያኔ ሳይገባኝ ነበር ደስ ያለኝ።