የአባቴ መቋሚያ በጨረታ

ስልክ መቀየር አማረኝና፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሲያስቀድስ ይደገፍበት የነበረውን መቋሚያ በቴሌግራም ለጨረታ አወጣሁት። የዚህ ጨረታ ጥሩነቱ ሲግናል ሰፈር ቤትህ ጋደም ብለህ ሰው ዋጋ ይጨምርልሃል። ክፋቱ ደግሞ ከማን ጋር እንደምትገበያይ አታውቅም።

አንዱ ሁሉንም በልጦ አሸነፈ። ሾላ ገበያ ታክሲ መያዣው ጋ ተቀጣጠርን። የመጡት ከእንጦጦ የወረዱ፣ ነጠላ ያጣፉ አዛውንት ናቸው። በስልክ የተጫረተችላቸው የልጅ ልጃቸው ነበረች። ብሩን ሰጡኝ፤ መቋሚያውን ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩትና መልሰው ዘረጉልኝ።

«አልወደዱትም እንዴ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ኧረ ደስ ብሎኛል። በል እንደገና አጫርተው።»

«አባቴ፣ ገዝተውታል እኮ! የእርስዎ ነው።»

«ጨረታ ያሸነፈ ሰው ዕቃውን ይዞ ሲሄድ የት አይተሃል? በንግሥ ቀን ጃንጥላው ለጨረታ ሲወጣ፣ ያሸነፍን ሁሉ መልሰን አንሰጥም? አንዱ ይዞት ቢቀርማ ገቢው ከየት ይመጣል?»

መቋሚያውን ተቀበልኳቸው። ለመሄድ ዞር ካሉ በኋላ ቆም አሉ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ የምታሠሩት ቤተ ክርስቲያን የት ነው? መጥቼ ልሳለመው።»