የቅዳሜው ምላጭ

ፀጉር አስተካካዩ ያን ቀን የሆስፒታሉን ደረጃ የወጣው እንደ ወትሮው ሽማግሌ ሕመምተኞችን ለመላጨት ብቻ ሳይሆን ለመሰናበትም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚውለው ጉልበቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በሽማግሌዎቹ ክፍል በነፃ አልቆምም ብሎ አምጿል። ባለፈው ቅዳሜማ አብጦ ቤት አስቀርቶታል።

«ምን አገኘህበት?» ብላው ነበር ሚስቱ ጠዋት። «ለነፍሴ ነው እንዳትለኝ፤ ነፍስህም ደክሟታል።»

እሱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

የክፍሉ ሲስተር አፉን ሳይከፍት ቀደመችው። «ጋሼ፣ ቀርተው ምን ሠሩኝ! ባለፈው እሁድ የሾፌሩ ልጅ ስንት መንገድ አቋርጣ ልትጠይቃቸው ብትመጣ፣ እሳቸው ‹ተኝቷል በሏት› ብለው ብርድ ልብስ ተከናነቡ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ተቀምጣ ሄደች።»

ሾፌሩ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ የጥግ አልጋው ሽማግሌ ናቸው። ሲያዩት ቀና አሉ።

«እንዴ፣ አለህ? እኔማ ቀደመኝ ብዬ ነበር።»

«ወረፋ አልሰብርም» አለና ፎጣውን አንገታቸው ላይ አሰረ። «ልጅዎን ግን ለምን መለሷት?»

«በዚህ ጢም ልታየኝ? መንገዱን እያለቀሰች ነው የምትጨርሰው። ተላጭቼ ስታገኘኝ ግን ‹ለምን አልበላህም፣ መድኃኒትህን ለምን አልዋጥክም› እያለች ትነዘንዘኛለች።» ሳሙናው አፋቸው ውስጥ እንዳይገባ ከንፈራቸውን ገጠሙ። አረፋውን ከከንፈራቸው ጠርገው፣ «ንዝንዟ ይሻለኛል። ነገ ትመለሳለች አሉ» አሉ።

የስንብቱን ነገር ተወና ምላጩን አነሳ። የላላውን ጉንጫቸውን በአውራ ጣቱ ወጥሮ ምላጩን አሳረፈ። ጉልበቱ ሲጠዘጥዘው የአልጋውን ብረት ተደገፈ፤ እሳቸውን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ገባት።

«አልነገርካቸውም።»

«ነገ ጠያቂ ይመጣል።»

«የዛሬ ሳምንትስ አይመጣም?»

እሱም መንገዱን ሙሉ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። ሚስቱ ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥታ እግሩ ሥር አኖረች፤ ከዚያ ከጓዳ ከፍ ያለውን በርጩማ ከነአቧራው ጎትታ ቦርሳው አጠገብ አቆመችው።

«እንግዲህ ቁጭ ብለህ ላጭ፣ አንተ ግትር።»

በርጩማውን በእጁ ነካ አደረገው። «አንድ እግሩ እኮ ይወላገዳል።»

«ታዲያ ባለቤቱን መስሎ ነዋ።»