ባሩድ ያልገባባት ጥይት

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሰባት ዓመት በጥር ወር፣ በእህቴ ልጅ ሰርግ ቀን ነው። ስድስት ዓመት ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖርኩ። አምና ለአንድ ሰው ብቻ ተናገርኩ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም። አሁን የምጽፈው መሸከሙ ስለሰለቸኝ ነው እንጂ ሰውን ላስተምር ብዬ አይደለም። ለማስተማር ጉልበቱም የለኝ።

የምኖረው ሞላሌ ነው። ወታደር ሳለሁ መሣሪያ ጥገና ክፍል ነበርኩ። ከተሰናበትኩ በኋላ ቤቴ በር ላይ ትንሽ የብየዳ ሥራ ከፈትኩ። የበር ማጠፊያ፣ የአልጋ እግር፣ ማረሻ፣ በመንዝ የተሰበረ ብረት ሁሉ መድረሻው እኔ ዘንድ ነው። ሰው ደግሞ አመጣጡን ያውቅበታል። "ላንተ ይቺ ምን አላት?" ይላል። ይቺ ቃል ስንት እሑድ እንደበላችብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚህ ሌላ አንድ ሥራ ነበረችኝ። ጥይት ውድ ነው፤ ሲጠፋም ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዘው ዒላማ የሚወዳደሩ ሰዎች የተኮሱትን ባዶ ቀለህ ለቅመው ያመጡልኛል። እኔ አጥቤ፣ ከሥሯ ያለችውን ማቀጣጠያ ቀይሬ፣ ባሩድ ሞልቼ፣ አረሯን ከላይ ገጥሜ እመልስላቸዋለሁ። ለዒላማ ብቻ ነው። ለሌላ ነገር የመጣውን ከደጅ መልሻለሁ።

በእኛ አካባቢ የድሮውን ወግ ያልተዉ ቤቶች አሉ። ሙሽራው ከነአጃቢው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ዒላማ ያቆማል። ያ ዒላማ ሳይመታ ድንኳን መግባት የለም። የሚፈቀደው ሦስት ጥይት ነው። ሦስቱም ከሳቱ የሙሽራው ወገን ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ይገባል። ከራሱ ከተኳሹ ወገን አንድ ሰው "ይቁም" ካለም እንደ መሸነፍ ይቆጠራል። ጨዋታ ነው ትሉ ይሆናል። ጨዋታ ነው፣ ግን ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ለእህቴ ልጅ የታጨችው ልጅ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነበረች። አባቷ ወግ አጥባቂ ናቸው። ሽማግሌ በሄደ ጊዜ፣ ዒላማው የሚመታው በሽጉጥ ነው፣ በጠመንጃማ ማንም ይመታል ብለው ቁርጡን ነገሩን። እህታችን በሕይወት የለችም። ልጁን ያሳደገው ታናሽ ወንድሜ ተክሌ ነው፤ ተኳሹም እሱ እንዲሆን ተወሰነ። ተክሌ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ቀኝ እጁ ከጠመኔ ሌላ ብዙ አያውቅም። አንድ ጥዋት ከአንድ ዘመዳችን የተዋሰውን ሽጉጥና አሥራ አምስት ቀለህ በላስቲክ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ እንዳታዋርደኝ" ብሎኝ ሄደ።

ባሩድ ስሞላ አንድ ልማድ ነበረችኝ። ቀለሆቹን ጠረጴዛ ላይ በረድፍ አቆማለሁ። አንዷን በሞላሁ ቁጥር አንድ የገብስ ፍሬ ከፊቷ አኖራለሁ፤ ቀጣይዋን ስሞላ ፍሬዋን ወደዚያች አዛውራለሁ። ሁሉም ሲያልቅ ፍሬዋን አንስቼ እጥላታለሁ። ፍሬ ካለ ሥራው አላለቀም፤ ፍሬ ከሌለ አልቋል። ዕድሜ ልኬን በዚህ ነው የሠራሁት፤ ተሳስቼም አላውቅ።

ያን ቀን አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ የእድር ጥሩንባ ተነፋ። የጎረቤታችን እናት አርፈዋል። ጥሩንባ ከተነፋ የያዙትን ጥሎ መሄድ ነው፤ አንዷን ልጨርስ የሚባል ነገር የለም። የገብሷን ፍሬ አሥራ ሁለተኛዋ ፊት አድርጌ ተነሣሁ። መቃብሩ ቋጥኝ ሆኖ አስቸገረን። ቀብሩ አለፈና ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ዋልኩ። ሲሠልስ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ፤ ወገቤ ቀጥ አልል ብሎ ነበር።

ቀለሆቹ እንደቆሙ ናቸው። የገብሷ ፍሬ የለችም። ስንት ሞልቼ እንደተነሣሁ ከሦስት ቀን ልቅሶ በኋላ ማን ያስታውሳል? ፍሬ ከሌለ አልቋል አልኩና አረሮቹን እየገጠምኩ ጨረስኩ። ባሩድ እንዳለባቸው አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ማየት ነበረብኝ። ያስተማሩኝም እንደዚያ ነው። ደክሞኝ ነበር፤ አላየሁም።

ተክሌ አሥራ አምስቱንም በአንድ ቆርቆሮ ይዞ ሄደ። ስድስቱን ለልምምድ ተኮሳቸው። አንዷም አልከሸፈች። እጅህ ይባረክ ብሎ ላከብኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

የሰርጉ ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ረፋዱ ላይ ከሙሽሪት ቤት ደረስን። ከካቡ ላይ አንድ የገል ስባሪ በኖራ ነጭ ተቀብታ ቆማለች። ሰዉ በርኖሱንና ጋቢውን ተከናንቦ ግራና ቀኝ ተኮልኩሏል። ከተኳሹ ጎን የሚቆሙት ዳኛ ከሙሽሪት ወገን ናቸው። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ የሙሽሪት አባት ታላቅ ወንድም፣ ሰባ አምስት የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም።

ተክሌ የመጀመሪያዋን ተኮሰ። ከገሏ አጠገብ አቧራ ቦነነ፤ ሳተ። ከሙሽሪት ወገን ያሉት ሴቶች ዘፈኑን ወደ ስድብ አዞሩት። እንግዳው ዓይኑ ላይ ሞራ አለበት፣ ምራቅ እንትፋበት ይላሉ። የእኛ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ሙሽራው ከጥላው ሥር ሆኖ ፊቱ ቀልቷል።

ሁለተኛዋን ተኮሰ። ድምፅዋ ድምፅ አልነበረም። ጠ ብላ ቀረች። ካቡ ላይ አቧራ የለም፣ ጭስ የለም፣ ሽጉጡም እጁ ላይ አልተንቀሳቀሰም።

እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባሩድ ያልገባባት ጥይት ናት። ማቀጣጠያዋ ብቻ ገፍታት አረሯ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅራለች። በዚያ ላይ ሌላ ጥይት ከተተኮሰ የሚወጣበት የለውም፤ ሽጉጡ እዚያው እጁ ላይ ይፈነዳል። ጣት ይሄዳል፣ ዓይን ይሄዳል፤ ሰውም ይሄዳል።

ተክሌ ግን መች ያውቃል። የከሸፈች መስሎት ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ አየው። ጎተት አድርጎ አቀባበለ። ባዶዋ ቀለህ ወጥታ እግሩ ሥር ወደቀች፤ ሦስተኛዋ ገባች። ክንዱን ዘረጋ።

ከእሱ እስከ እኔ አሥር እርምጃ አይሆንም። "አቁም" ማለት ነበር። አፌን ከፍቻለሁ። ግን አላልኩም። ካልኩ ተሸነፍን። ካልኩ ጥይቱን የሞላው ማን ነው ይባላል፤ መንዝን የሚያክል አገር ፊት ወንድሙን ሊገድል የነበረው አጎት ተብዬ እቀራለሁ። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ምናልባት ነፋሱ ነው ድምፁን የወሰደው አልኩ። ነፋስ አልነበረም። ይሄን ሁሉ አስቤ ቆምኩ።

ጋሽ ደምሴ ናቸው የተንቀሳቀሱት። ሳይሮጡ፣ ሳይጮኹ ተራመዱና የተክሌን ክንድ ከእጅ አንጓው ይዘው ወደ መሬት አዘቀዘቁት። ከዚያ ወደ ወገናቸው ዞር ብለው ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ።

"ዒላማው በደንብ አልቆመም። ከቅድም ጀምሮ ሲወዛወዝ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሙሽራው ይግባ።"

ገሏ ካብ ላይ ተደግፋ ነው የቆመችው። ሳር እንኳ ከእሷ የበለጠ ይወዛወዛል። ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌው አድልተዋል ነው ያለው ሁሉም። የሙሽሪት ወንድሞች ፊታቸው ተለዋወጠ። አንደኛው እዚያው እንግዳ ፊት፣ በስተርጅና ሸጡን ብሎ ተናገራቸው። ሰምተው እንዳልሰማ አለፉት። የእኛ ወገን እልል ብሎ ገባ። ተክሌም እየሳቀ ገባ። ሽጉጡ ግን ጋሽ ደምሴ እጅ ቀረ።

ትንሽ ቆይተው በዓይናቸው ጠቀሱኝና ከበረቱ ጀርባ ሄድን። ሽጉጡን አራግፈውታል። ቀጭን እንጨት ይዘው ነበር፤ በአፈሙዙ ሰደዱት። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። እንጨቱን እንደያዙ አዩኝ።

"የሞላሃት አንተ ነህ?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። እንዴት እንዳወቁ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት፤ ፊቴ ሳይነግራቸው አልቀረም። እሳቸውም በጎልማሳነታቸው መሣሪያ የያዙ ሰው ነበሩ።

"ወንድምህ ነው አሉኝ።"

"ወንድሜ ነው።"

"እንግዲያው አንተው ንገረው። እኔ ለማንም አልናገርም" አሉና ሽጉጡን ሰጥተውኝ ወደ ድግሱ ተመለሱ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር፤ ጊዜም አልሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ የወንድማቸው ልጆች ሲያኮርፏቸው አየሁ። ጠላቸውን ብቻቸውን ነው የጠጡት።

ቆርቆሮውን ከተክሌ ተቀብዬ ነበርና ቤቴ እንደገባሁ የተረፉትን ስድስት ጥይቶች ፈታሁ። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ፍንጣሪ ባሩድ የለባቸውም። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ብትለኝ የገብሷን ፍሬ ነገር ነገርኳት፤ የሰርጉን ግን አልነገርኳትም። እሷ ሳቀች። የቀብሩ ዕለት ቀይዋን ዶሮ ከጠረጴዛው ላይ አባርሬያታለሁ አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥይት ሞልቼ አላውቅም። ሰው ሲመጣ ዓይኔ ደከመ እላለሁ። ለተክሌ ልነግረው በየሳምንቱ አስባለሁ። ቅዳሜ ይነገረዋል እላለሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ እሑድ ይሁን እላለሁ። እሱ ደግሞ በየድግሱ ያቺን ቀን ያወራታል። ሽማግሌው በሁለት ጥይት አስገቡን እያለ ሰዉን ያስቃል። እኔ አብሬ እስቃለሁ። እንደዚህ ያለ ሳቅ የሚያደክመውን ያህል ብየዳ አያደክምም።

አምና የራሱ ልጅ ሊያገባ ሆነ። አሁንም የዒላማ ቤት ነው፤ አሁንም ቀለህ በላስቲክ ይዞ መጣ። አልሞላም አልኩት። ዓይኔ አልኩት። የጎረቤትህን የእጅ ሰዓት ትናንት ጠግነሃል አለኝ። ለእህታችን ልጅ ሆኖ ለእኔ ልጅ ሲሆን ነው ዓይንህ የደከመው ብሎ ተቆጣ። ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ተቀመጥ አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት። የገብሱን ፍሬ፣ ዶሮዋን፣ እንጨቱን፣ ጋሽ ደምሴን። ድምፅዋን ሰምቼ እንደነበርም ነገርኩት።

ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያየው ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝም ደስ ባለኝ።

"ጋሼ፣ የጥይቷን ተወው፤ ሰው ይደክማል" አለኝ በመጨረሻ። "ከሰማሃት በኋላ ግን ለምን ዝም አልክ?"

"ሰርጉ እንዳይበላሽ ብዬ" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀፈፈኝ።

"ለሰርጉ ብለህ" አለ። ውሃ ጠይቆ ጠጣና ሄደ።

በሦስተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንደ ልማዱ ጎራ አለ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በጎቹ አወራን። የልጁ ሰርግም አለፈ፤ እኔም ታድሜ በላሁ። ያቺን ነገር ዳግመኛ አላነሣትም። ይቅር ብሎኝ ይሁን ሰልችቶት አላውቅም፤ ለመጠየቅ ደግሞ አልደፈርኩም። ድግስ ላይ ግን የሁለቱን ጥይት ወሬ ትቷል። ሰዎች አውራልን ሲሉት ረሳሁት ይላቸዋል።

ስለ ባሩዱ ራሴን ይቅር ብያለሁ። የሦስት ቀን ልቅሶ ነበር፣ የወገብ ሕመም ነበር፤ ሰው ነኝ። እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ አይደለም። ወንድሜ ሽጉጡን ዝቅ አድርጎ አይቶ፣ አቀባብሎ፣ ክንዱን እስኪዘረጋ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ረጅም ጊዜ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳስብ የነበረው ሰው ስለ እኔ ምን እንደሚል ነው።