ለእንግዳ የተጠረገው መደብ

ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ የእናቴን የጎመንና የቆስጣ መደብ ግማሹን ይዞት ሄደ። ኮልፌ ውስጥ እርሻ አለን ስል የሚስቁብኝ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አሉ። ይሳቁ! እኔን ከፍሎ ያስተማረኝ ይኸው እርሻ ነው። አሁን ግን ዳርቻው ተቦርቡሯል፤ በሽቦ በታሰረ ድንጋይ ካልተገነባ የቀረውንም የሚቀጥለው ክረምት ይወስደዋል።

ወረዳው ማሳቸውን ጎርፍ ለጎዳባቸው ገበሬዎች የአስቸኳይ ጊዜ ክፍያ ሊሰጥ ነው፣ ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን ይመዘግባል ተባለ። እናቴ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከአጠና ተራ አጠና አስመጥታ የተናደውን ደገፈች፣ አፈር ሞላችበት፣ ከላይ ችግኝ ተከለችበት፣ ዙሪያውን ጠረገች። ባለሙያው አየና “እርስዎስ ተርፈዋል፣ ተመስገን ነው” ብሎ አለፈ። ጎመን አስይዛ ሸኘችው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

“እማዬ፣ በገዛ እጅሽ አበላሸሽው!” ብዬ ጮኽኩባት።

“እንግዳ ሲመጣ ተዝረክርኬ ልገኝ እንዴ?” አለችኝ።

ሰው ሁሉ አይቶ ቅሬታ ካለው እንዲያቀርብ የተከፋዮቹ ዝርዝር በወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሁለቴ አነበብኩት። የእናቴ ስም የለም። ከጎናችን የሚያርሱት ሐጂ ግን አሉ። ብው አልኩ። ቤት ገብቼ “ሐጂ እንኳ ብልጥ ሆነው የፈረሰውን ሳይነኩ ጠበቁ!” አልኳት። እናቴ ፊቷን አዙራ ጎመን መቀንጠስ ጀመረች።

ዝርዝሩ በስብሰባ ሲነበብ እጄን ላወጣ ስል ሐጂ ቀድመውኝ ተነሱ።

“የእሷ ማሳ ከእኔ የባሰ ተጎድቷል” አሉ። “እንግዳ ይመጣል ብላ እርዱኝ ስትል የእሷን ስንጠግን ዋልን። ወደ እኔ ልንዞር ስንል መሸ። የእኔ ስም የወጣው ስለመሸብኝ ነው። አጠናውን ንቀሉትና እዩ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለሙያው ሐሙስ ተመልሶ ሊያይ ቃል ገባ።

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። እናቴን ማን ያምናታል? በጠዋት ተነስታ መጥረጊያዋን ብትፈልግ የለም፣ አካፋዋም የለም። ሁለቱንም ሐጂ ቤት ደብቄያቸዋለሁ። ሐጂ ሲያዩኝ “ዛሬስ አይመሽብኝም” ብለው ሳቁ፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ መጥረጊያውንና አካፋውን ብቻ አስረክቤያቸው ተመለስኩ።

“አንቺ ልጅ፣ ልታዋርጂኝ ነው!” እያለች እናቴ ስትነጫነጭ ባለሙያው ደረሰ። ሐጂ አጠናውን ነቀሉት። ዳርቻው ከነችግኙ ዘጭ ብሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ባለሙያው ደንግጦ ወደ ኋላ አለና መጻፍ ጀመረ። ደስታዬ እንባዬን አመጣው።

እናቴ ግን አንገቷን ደፍታ “ይቅርታ ልጄ፣ ቤቱ ተዝረክርኮ አገኘኸው” አለችው።

“እንኳንም ተዝረከረከ፣ እናቴ” አላት። “እዚህ ጋ ይፈርሙ።”