ሶላንዥ ኬምፍ ያዞረቻቸው ቀስቶች

ስትራስቡርግ ውስጥ፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ባለበት ሕንጻ፣ ሶላንዥ ኬምፍን የማይፈራ ሰው አልነበረም። ፕሮፌሰሮቹ እንኳ በሯን ከማንኳኳታቸው በፊት ኮታቸውን ይቆልፋሉ። ሥራዋ ታይፒስት ነው፤ ግን ታይፒስት ብሎ ማለፍ ግፍ ይሆናል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የስንቱ የዶክትሬት ጽሑፍ በእጇ አልፏል! ፊደሉን በታይፕ ትመታለች፤ ማሽኑ ለማያውቀው ቀስት ክፍት ቦታ ትተውና መጨረሻ ላይ በጥቁር ቀለምና በማስመሪያ ትስለዋለች። ቀስቷን ያየ ሰው ማተሚያ ቤት የወጣ ነው ብሎ ይምላል። ሒሳቡ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አንዲት መስመር አይገባትም። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሎይክ ትሬጌር የሚባል፣ ከባሕር ዳርቻው ከብሪታኒ የመጣ ሰው የዶክትሬት ረቂቁን ይዞላት መጣ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር። ጽሑፉ ሲምፕሊሻል ፕሪሺፍ ስለሚባሉ ነገሮች ነው።

"ሙሴ ትሬጌር፣ ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ ወይስ ዶሮ ሄደችበት?"

"ይቅርታ፣ ማዳም።"

"ይቅርታህ ዓይኔን አይመልስልኝም። ደግሞ ይሄ ሁሉ ቀስት ምንድነው? እዚህ አንድ፣ እዚህ ሁለት ተደርቦ፣ እዚህ ሦስት! ቀስት በነጻ ይታደላል እንዴ?"

ሎይክ ሳቅ ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። "አንድን ቦታ በቁርጥራጮች ሸፈንነው እንበል። መጀመሪያ ቁርጥራጮቹ አሉ፤ ከዚያ ሁለት ሁለቱ የሚነባበሩበት፣ ከዚያ ሦስት ሦስቱ የሚነባበሩበት። ቀስቶቹም አብረው ይበዛሉ። ትንሹ ቦታ ትልቁ ውስጥ ስላለ ቀስቱ ወደ ትልቁ ይሄዳል። ስለ ቦታው የምናውቀው ነገር ግን..."

"በቃ፣ በቃ! ሥራ አለብኝ" አለችና በሩን አሳየችው።

ምን ነበር አንድ ደቂቃ ብትታገሰው! የቀረችው እኮ ይቺ ብቻ ናት፦ የከተማው ሙሉ ካርታ በእጅህ ካለ የአንዱን ሰፈር ካርታ ከውስጡ ቆርጠህ ታወጣለህ፤ ከሰፈሩ ካርታ ግን ከተማውን አታገኝም። ቦታዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲሄዱ፣ ስለ ቦታዎቹ የምናውቀው ከትልቅ ወደ ትንሽ ይመለሳል። ፕሪሺፍ ማለት ይሄ መገላበጥ ነው፤ ያለዚህ ምንም አይደለም።

ታይፑ አለቀ፣ ሎይክም አንብቦ አረመው። ያኔ ቀስቶቹ ገና አልተሳሉም። ሶላንዥ ቀለሟን ይዛ ስትቀመጥ፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ አንድ ዓይነት በሚመስሉ ፊደሎች መሃል፣ ገሚሱ ቀስት ወደ ግራ ገሚሱ ወደ ቀኝ ሲሄድ አየች። "ምስኪን፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው የዘባረቀው" አለች። ከልቧ አዘነችለት። ለመጠየቅ ግን እንደማይገባት መናገር ሊኖርባት ነው። እናም ወደ ግራ የሚሄዱትን አንድ በአንድ ወደ ቀኝ አዞረቻቸው። ውለታ የዋለች መስሏት!

ሎይክ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚከላከልበት በዲፌንሱ ዕለት፣ እንደ ልማዷ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች። ሥራዋ በሰው እጅ ሲገለጥ ማየት ደስ ይላታል። ከፓሪስ የመጣው ሽማግሌ ፈታኝ ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጠና መነጽሩን አወለቀ።

"ሙሴ ትሬጌር፣ እዚህ ጋ ትልቁን ቦታ ትንሹ ውስጥ ከተውታል። በእናንተ አገር ባሕሩ ነው ዓሣው ውስጥ የሚዋኘው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"ገጽ ሠላሳ አራትም ያው ነው፤ አርባም ያው። አቅጣጫውን ሳያውቁ ነው ስለ ፕሪሺፍ የሚጽፉት?"

ሶላንዥ ሒሳቡ ባይገባትም የትኞቹ ቀስቶች እንደሆኑ ገብቷታል። ተነሺ፣ እኔ ነኝ በይ፣ አላት ልቧ። እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ሎይክ ገጹን አየ፤ ከዚያ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ እሷን አየ።

"ስህተቱ የኔ ነው፣ ፕሮፌሰር" አለ።

ዶክትሬቱን ሰጡት፤ በዝቅተኛው ማዕረግ። ያን መኸር የወጣውን የተመራማሪነት ቦታ ሌላ ሰው ወሰደው። በዲፌንሱ ማግስት የሎይክ አማካሪ ፕሮፌሰር ሺርመር ሶላንዥ ቢሮ ጎራ ብሎ፣ "ልጁ ይሄን ያህል ዝርክርክ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። መቼም የእርስዎ ሥራ እንከን የለውም፣ ማዳም ኬምፍ" አላት። ትክክለኛው ረቂቅ በሎይክ የእጅ ጽሑፍ መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል፤ ክንድ አይርቅም። አፏን ከፈተች። "አመሰግናለሁ" አለች። እንግዲህ ተመልከቱ! አመሰግናለሁ አለች።

ከዚያ በኋላ ቀስት በሳለች ቁጥር ከረቂቁ ጋር ደጋግማ ታመሳክረው ጀመር። አንድም ዲፌንስ አልገባችም። የማታውቀው ሰው ሲያመሰግናት ፊቷ ይቀላል፤ መስታወት ፊት ቆማ "ውሸታም" ያለችበት ቀን አለ። ኮምፒውተሩ መጥቶ ሥራዋን ሲወስድ እፎይ አለች። ጡረታ በወጣች በሳምንቱ፣ ከዲፌንሱ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ረቂቁን በቦርሳዋ ከታ ሎይክ ሁለተኛ ደረጃ ወደሚያስተምርበት ወደ ብሪታኒዋ ካምፔር ባቡር ተሳፈረች።

ሎይክ ጸጉሩ ሳስቷል። የስንዴ ቂጣ በቅቤ ጠብሶ፣ የፖም መጠጥ ቀዳላት። እሷ ግን ሳትቀመጥ፣ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ቀስቶቹን ማን እንዳዞራቸው፣ ስታውቅ ዝም እንዳለች፣ ሁሉንም ተናገረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"አውቃለሁ፣ ማዳም" አላት።

"ምኑን?"

"ሊታተም አንድ ቀን ሲቀረው አየሁት። ገጾቹ እንዲደርቁ ቢሮዎ መስኮት ሥር ደርድረዋቸው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አስተካክለው ነበር እኮ!"

"በርዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጣሁ። ከውስጥ አንዱ ላይ ሲጮሁ እየሰማሁ ተመለስኩ። የሚያውቅ ሰው በሐሳቡ ገልብጦ ያነበዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።" ሎይክ ሳቀ። "እውነቱን ልንገርዎት? ከፓሪሱ ሽማግሌ ይልቅ እርስዎን ነበር የምፈራው።"

ቂም የሌለበት ሳቅ ነው፤ የባሰባትም እሱ ነው። ሰው ሲፈራት እኮ መከበር ይመስላት ነበር፤ ትኮራበትም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ስታጠናው የኖረችው ይቅርታ የቀስቶቹና የዝምታዋ ነው። ለዚህኛው፣ ሰውን በፍርሃት ከበሯ ለመመለሷ፣ አንዲት ቃል አላዘጋጀችም።

"ይቀመጡና ይብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" አላት።

ሶላንዥ ተቀመጠች፣ ሹካውንም አነሳች። ቀና ብላ ልታየው ግን አልቻለችም።